ጽማዌ፡ የነፍስ ጸጥታና የእጅ ስልካችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን የቅድስናን ጉዞ በዐሥር መዓርጋት ከፍላ ታስተምራለች። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ ደግሞ የንጽሐ ልቡና መዓርጋት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ይባላሉ። ጽማዌ ዝምታና ጸጥታ ነው፤ ልባዌ ማስተዋል ነው፤ ጣዕመ ዝማሬ አንደበት የሚያደርሰውን ጸሎትና ምስጋና ልብ ሲያጣጥመው ነው። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ዝም ያላለ አያስተውልም፤ ያላስተዋለም የጸሎትን ጣዕም አያገኝም። ዛሬ ብዙዎቻችን «ጸሎት እጀምራለሁ፤ ልቤ ግን አይሰበሰብልኝም» እያልን የምናዝነው ሦስተኛውን መዓርግ ፈልገን የመጀመሪያውን ስለ ዘለልን ነው። ጽማዌን ከነጠቁን ነገሮች አንዱም በእጃችን የያዝነው ስልክ ነው።

ጽማዌ በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ሕይወት

ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ሳለ እግዚአብሔር የተናገረው በብርቱው ነፋስ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ አልነበረም፤ ከእነዚህ በኋላ በተሰማው ለስላሳ ድምፅ ነበር እንጂ (1ኛ ነገ. 19፥11-13)። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አብነት ሊሆነን ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ጸልዮአል (ማር. 1፥35)። ከሰው ብዛት የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ያጡትን ደቀ መዛሙርቱንም ለብቻቸው ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል (ማር. 6፥31)።

ግንቦት 13 ቀን ዕረፍቱን የምናከብረው አባ አርሳንዮስ የንጉሥ ቴዎዶስዮስ ልጆች የአርቃዴዎስና የአኖሬዎስ መምህር ነበር። የቤተ መንግሥቱን ክብር ትቶ በግብፅ ወደ አስቄጥስ ገዳም የገባው እንዲሸሽ፣ ዝም እንዲልና እንዲያርፍ የሚነግረውን ድምፅ ሰምቶ ነው። በመናገሩ ብዙ ጊዜ እንደ ተጸጸተ፣ ዝም በማለቱ ግን እንዳልተጸጸተ ይነገርለታል። በማኅበራዊ ሚዲያ በቁጣ የጻፈውን በማግሥቱ ለማጥፋት የሚጣደፍ ሰው የዚህን ነገር እውነትነት ያውቀዋል።

ስልክ ልብን የሚይዘው እንዴት ነው?

ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ መጽሐፍም ያልቃል። የፌስቡክና የቲክቶክ ገጽ ግን መጨረሻ እንዳይኖረው ሆኖ ተሠርቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ደስ ያሰኝ አያሰኝ ስለማይታወቅ እጅ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የቁማር ማሽንም ሰውን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፌስቡክ ላይ የተጨመረው «ላይክ» የሰውን ምስጋና በቁጥር እየቆጠርን እንድንጠብቅ አድርጎናል። የድርጅቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2017 በአደባባይ እንደ ተናገረው፣ የሠሪዎቹ ጥያቄ የተጠቃሚውን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን እንዴት እንውሰድ የሚል ነበር። እንግዲህ ትግላችን ከራሳችን ስንፍና ጋር ብቻ አይደለም፤ ልባችንን ለመያዝ ታስቦበት ከተሠራ ነገር ጋር ጭምር ነው።

መንፈሳዊ ነገር የምንሰማበትስ ከሆነ?

ስልክን በጅምላ አናወግዝም። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እኅቶቻችን ቅዳሴና ስብከት የሚሰሙት በስልካቸው ነው፤ ለእነርሱ ስልክ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሆኖላቸዋል። ነገር ግን ስብከት መስማት በጸሎት ፈንታ አይቆምም። ከአንዱ ትምህርት ቅንጫቢ ወደ ሌላው፣ ከመዝሙሩም ወደ ክርክሩ እየዘለልን ብንውል ጆሯችን ሲጠግብ ልባችን ይራባል። እመቤታችን የሰማችውን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር (ሉቃ. 2፥19)። እኛ ግን አንዱን ቃል በልባችን ሳናሳድር ሌላውን እንቀበላለን። ዲያቆኑ ምእመናንን ለጸሎት ሲያስነሣ ስልኩን ለቀረጻ የሚያነሣ ሰውም ምስሉን ይዞ ጸሎቱን ትቶ ይሄዳል።

ምን እናድርግ?

1. ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ማለዳ ከመክፈታችን በፊት የዘወትር ጸሎትንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከታተመው መጽሐፍ እናድርስ።

2. ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት (መዝ. 118፥164) ቢያንስ በነግህና በሠርክ ስልካችንን እንዝጋ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባም እንዲሁ እናድርግ።

3. ቅዱስ ያሬድ ዓይን፣ አንደበትና ጆሮም እንዲጾሙ ያስተምረናል። በአጽዋማት ከየትኛው ገጽ፣ ለስንት ጊዜ እንደምንከለከል ከንስሐ አባታችን ጋር እንወስን፤ ከዐቅም በላይ የጀመሩት ቶሎ ይፈርሳልና።

4. የመጀመሪያው ጸጥታ ከባድ እንደሚሆን እንወቅ። ስልኩ ሲዘጋ ሸፍነነው የነበረው ኀዘን፣ ቂምና ፍርሃት ብቅ ይላል። ብዙዎች ወደ ስልካቸው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። እኛ ግን የታየንን ይዘን ወደ ንስሐ እንቅረብ፤ የበዛ ጭንቀት ያለበትም ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ሐኪምም ያማክር።

ብዙዎቻችን ጸጥታን የምንናፍቀው ነፍሳችን ፈጣሪዋን ስለምትናፍቅ ነው። ይህን ናፍቆት በሌላ ድምፅ አናፍነው። ጽማዌን ገንዘብ አድርገን የጸሎትን ጣዕም እንድናገኝ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር