የዳቦ ቆሎ ስምና ትርጓሜው

በሰሜን አውሮፓ ያለችው የኤስቶንያ ሕዝብ ለልደት በዓል የሚጋግረው፥ ቅመም የበዛበት ደረቅ ብስኩት አለ። ስሙ «ፒፓርኮክ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የቁንዶ በርበሬ ኬክ ማለት ነው። ዛሬ ጣዕሙን የሚሰጡት ይልቁንም ቀረፋ፥ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ሲሆኑ፥ ስሙ ግን ቀድሞ ከሩቅ ምሥራቅ በብዙ ዋጋ ይመጣ የነበረውን ቅመም እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

በእኛም አገር ለዚህ የሚቀርበው ዳቦ ቆሎ ነው። ዱቄቱ ከጨው፥ ከቅቤ ወይም ከዘይት፥ ሲወደድም ከበርበሬ ጋር ጠጠር ተደርጎ ይቦካል፤ እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ በሽንብራ ልክ ይቆረጥና ምጣድ ላይ እየታመሰ ይቆላል። እርጥበቱ ስለሚወጣለት ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። ስሙን የሰማ እንግዳ «ዳቦ ነው ወይስ ቆሎ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገሩ በአሠራሩ ዳቦ፥ በአገልግሎቱ ቆሎ ነው፤ ዘማችና መንገደኛ በስልቻ ይዞት የሚሄድ ስንቅ ነውና።

እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። ኤስቶንያዊው ስሙን ከቅመሙ ወሰደ፤ እኛ ከመንገዱ ወሰድን። በርበሬውማ ተክሉ ከአሜሪካ የተገኘ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨ ስለ ሆነ፥ በማዕዳችን ላይ እንግዳ ነው። ቆሎ ግን ባለቤት ነው።

ይህ ቃል ከምግብ አልፎ የሰው ስም ለመሆን የበቃበትን ምክንያት ለማወቅ የሚፈልግ ወደ ጋይንት ይሂድ። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፥ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናቸው። ወደነዚህ ጉባኤያት ከየአውራጃው የሚጐርፈው ወጣት ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽና ቆሎ ይማር ስለ ነበር «የቆሎ ተማሪ» ተባለ። ይህ ሥርዓት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

አሁን ዳቦ ቆሎ በከተማ ሱቅ በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል፤ የሚበላውም ለጨዋታ ማድመቂያ ነው። ይህ አያስነቅፍም። ነገር ግን ድጓውን በቃሉ ይዞ ለእኛ ያደረሰው ተማሪ የኖረው ስሟን በማናውቃት ባልቴት እፍኝ ቆሎ ነው። የሊቃውንቱን ስም መጻሕፍት ጠብቀውልናል፤ የመጋቢዎቻቸውን ውለታ የያዘው ግን ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው።