መዳብ የነካው ብርጭቆ

እስቲ ስሙኝማ። ነገሩ የሆነው በጀርመን አገር፣ በሙኒክ ከተማ ነው። ካርል ቪልሄልም ፎን ኔጌሊ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበረ፤ የዘር ውርስ ተመራማሪው ግሬጎር ሜንዴል የአተር ምርምሩን ልኮለት ደብዳቤ የተጻጻፈው ከዚሁ ሰው ጋር ነው። የሜንዴልን ሥራ ትልቅነት ሳያይ ቀረ፤ ያሳዝናል። በስተርጅናው ግን ሌላ ነገር አየ።

ስፓይሮጋይራ የምትባል ክር መሳይ የኩሬ አረንጓዴ አለች። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት በሴሏ ውስጥ አረንጓዴ ጥብጣብ ተጠምጥሞ ይታያል። ኔጌሊ ውኃ ውስጥ የመዳብ ሳንቲም ጨምሮ ክሯን ቢከታት፣ ጥብጣቡ ከሴሏ ግድግዳ እየተላቀቀ ተሰበሰበ፤ ሞተች። ሳንቲሙን አወጣው፤ ውኃውን ደፍቶ ንጹሕ ውኃ ሞላበት። አሁንም ሞተች! ብርጭቆው ራሱ ገዳይ ሆኖ አረፈው።

ሊቁ ግራ ገባው፤ እስከዚያ ያልታወቀ ኃይል መስሎት ስም እስከ ማውጣት ደረሰ። ኋላ ብርጭቆውን በአሲድ ቢያጥበው ገዳይነቱ ጠፋ። ለካ ከመዳቡ ኢምንት ያህል ሟሙቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ኖሯል። በስሌቱ፣ በ1,000 ሚሊዮን እጅ ውኃ ውስጥ 1 እጅ መዳብ ይበቃል። ኔጌሊ በ1891 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዐረፈ፤ ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1893 ነው።

ባክቴሪያም ከዚህ አያመልጥም። የመዳብ አዮን ሽፋኑን ይጎዳል፤ ፕሮቲኖቹ ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ተጣብቆ ሥራቸውን ያስተጓጉላል። ብርም እንዲሁ ያደርጋል። በቤተ ሙከራ፣ አጋር በሚባል ባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄሊ ላይ ባክቴሪያ ዘርተው ብረቱን ያስቀምጡና ሳህኑን ሙቀት ውስጥ ያሳድሩታል። አዮኑ ወደ አጋሩ ከሰረገ፣ ጠዋት በብረቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ልብ በሉ፤ ቀለበት አልታየም ማለት ብረቱ ላይ ያረፈው ባክቴሪያ አልሞተም ማለት አይደለም።

ፊሊስ ኩን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በፔንሲልቬንያ፣ ኢሪ ከተማ ባለ ሆስፒታል የበር እጀታዎች ተጠርገው ናሙናቸው ሲመረመር ያገኘችውን በ1983 (እ.ኤ.አ.) አሳተመች። የሚያብረቀርቀው የማይዝግ ብረት ባክቴሪያ በብዛት አበቀለ፤ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት አሮጌዎቹ የነሐስ እጀታዎች ግን ጥቂት ብቻ። ንጹሕ መስሎ የታየው ነበር ብዙ የተሸከመው! ለሆስፒታሎች የመከረችው ቁርጥ ያለ ነበር፦ ሕንፃ ስታድሱ የነሐሱን እጀታ አትጣሉት፤ የማይዝግ ብረት ከሆነ ደግሞ በየቀኑ በፀረ-ተሕዋስያን ይጽዳ።