መድኃኒት አዘል ኮንታክት ሌንስ

መድኃኒት አዘል ኮንታክት ሌንስ ዓይን ላይ ተቀምጦ በውስጡ የያዘውን መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ ለስላሳ ሌንስ ነው። ሊታከሙበት ከታሰቡት በሽታዎች አንዱ ባክቴሪያዊ ኬራታይቲስ ነው። ይህ በሽታ የሚከሰተው ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ በባክቴሪያ ሲጠቃ ነው። ቶሎ ካልታከመ ጠባሳ ትቶ ለዓይነ ስውርነት ሊዳርግ ይችላል።

የጠብታ ችግር

የበሽታው መደበኛ ሕክምና የአንቲባዮቲክ ጠብታ ነው። ሆኖም ዓይን ሲርገበገብና እንባ ሲፈስ አብዛኛው ጠብታ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል። ወደ ዓይን ውስጥ ዘልቆ የሚገባው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሕመሙ የጸናበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠብታውን ሌሊትም ጭምር በየሰዓቱ እንዲጨምር ሊታዘዝ ይችላል።

አሠራር

ለስላሳ ሌንስ ውኃ ከሚመጥ ፖሊመር ይሠራል። ከሌንሱ የሚወጣው መድኃኒት በሌንሱና በኮርኒያው መካከል ባለው ስስ የእንባ ንብርብር ውስጥ ስለሚቆይ ቶሎ አይታጠብም። ነገር ግን መድኃኒት ውስጥ ብቻ የተነከረ ሌንስ አብዛኛውን በሰዓታት ውስጥ ለቆ ይጨርሳል። ይህን ለማዘግየት ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በሌንሱ ውስጥ በተቀበረ ስስ የፖሊመር ሽፋን ወይም በናኖ ቅንጣቶች ይይዛሉ፤ ቫይታሚን ኢ እንደ ማገጃ የተጠቀሙም አሉ።

ታሪክ

የቼኮስሎቫኪያው ኬሚስት ኦቶ ቪህተርሌ ከድራሆስላቭ ሊም ጋር ውኃ የሚመጥ ፖሊመር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ከልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ ባበጀው ማሽን ለስላሳ ሌንሶችን በቤቱ አመረተ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ቦስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በቤተ ሙከራ ከ4 ሳምንታት በላይ የሚለቅ ሌንስ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኬቶቲፈን የያዘ ሌንስ ፈቀደ፤ ይህ ግን የሚያገለግለው ለአለርጂ ማሳከክ እንጂ ለባክቴሪያ አይደለም።

ገደቦች

ኮንታክት ሌንስ ራሱ ለባክቴሪያዊ ኬራታይቲስ ያጋልጣል፤ በተለይ ሌንስ አድርጎ መተኛት አደጋውን ይጨምራል። ሌንሱ ለኮርኒያ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎችም ይጣበቁበታል። የመድኃኒቱ መጠን እያነሰ ሲሄድ ደግሞ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሊተርፉ ይችላሉ። ስለሆነም አንቲባዮቲክ አዘል ሌንሶች በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ናቸው። ተራ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም እይታው ከደበዘዘ ሌንሱን አውልቆ በፍጥነት ሐኪም ማየት ይኖርበታል።