ማስተዋወቅ

በሳንሱሲ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሱቆች ላይ የተለጠፈውን ሳነብ «ማስታወቅ» እና «ማስተዋወቅ» ተለይተው ይታዩኛል። ሁለቱም የ«ዐወቀ» ልጆች ናቸው። ማስታወቅ ግን የአንድ ወገን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያስታውቃል፣ ሕዝቡ ይሰማል። ማስተዋወቅ የመጣው ከ«ተዋወቀ» ነው፤ መተዋወቅ ደግሞ ያለ ሁለት ሰው አይሆንም። ስለዚህ አዲስ ሱቅ የከፈተ ወጣት ሥራውን ሲያስተዋውቅ ቃሉ ራሱ ግዴታ ይጥልበታል፦ «ዕወቁኝ» ብቻ ሳይሆን «ዐውቃችኋለሁ»ም ማለት አለበት።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሐሰት ሳይሆን ባዶ የሆነው ነው። ልብስ ሰፊው «ጥራታችን ወደር የለውም» ቢል ደንበኛውን አላወቀውም። «የተማሪ ዩኒፎርም በ2 ቀን እንሰፋለን፤ ከጠበበ በነፃ እናስተካክላለን» ቢል ግን ዐውቆታል፦ ልጅ እንዳለው፣ ትምህርት ሊከፈት እንደሆነ፣ ሁለተኛ ለመክፈል አቅም እንደሚያጥረው። እንዲህ የሚጽፍ ልብስ ሰፊ ለእኔ ጸሐፊ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። እዚያ ለመድረስም ቅጽሎቹን መሰረዝና ደንበኞቹ ደጋግመው የሚጠይቁትን ጥያቄ መልሱን ጨምሮ መጻፍ ይበቃዋል።