የካይማን ደሴቶች የኦፍሾር ፋይናንስ ማዕከል

የካይማን ደሴቶች በካሪቢያን ባሕር ከኩባ በስተደቡብ የሚገኙ፣ በዩናይትድ ኪንግደም ሥር ያሉ ሦስት ደሴቶች ናቸው። ስፋታቸው ወደ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በዓለም ከታወቁት የኦፍሾር ፋይናንስ ማዕከላት ይመደባሉ። ኦፍሾር ፋይናንስ ማዕከል የሚባለው በዋናነት የውጭ ሰዎችንና ድርጅቶችን ገንዘብ በዝቅተኛ ግብርና በተመቻቸ ሕግ የሚያስተናግድ አገር ወይም ግዛት ነው።

ታሪክ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ነዋሪዎቹ የሚተዳደሩት የባሕር ኤሊ በማጥመድ፣ ከዘንባባ ቅጠል ገመድ በመሥራትና በውጭ መርከቦች ተቀጥረው ከሚልኩት ደመወዝ ነበር። ደሴቶቹ ከጃማይካ ጋር ተያይዘው ይተዳደሩ ነበር፤ ጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ ስትወጣ ግን በብሪታንያ ሥር መቆየትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የባንኮችና የትረስት ኩባንያዎች ሕግ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። ባሃማስ እ.ኤ.አ. በ1973 ነጻነቷን ስታገኝ፣ የፖለቲካ ለውጡ ያሰጋቸው ባንኮችና ጠበቆች ወደ ካይማን ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የደንበኛን ምስጢር ማውጣት በወንጀል የሚያስቀጣ ሆነ።

አሠራር

በደሴቶቹ የገቢ ግብርም ሆነ የኩባንያ ትርፍ ግብር የለም። መንግሥት ገቢውን የሚያገኘው በዋናነት ከአስመጪዎች ቀረጥ፣ ከኩባንያዎች ምዝገባና ዓመታዊ ክፍያ እንዲሁም ከሥራ ፈቃድ ነው። ከእያንዳንዱ ኩባንያ የሚሰበሰበው ክፍያ ከትርፉ አንጻር ትንሽ ነው፤ ኩባንያዎቹ እጅግ ብዙ፣ ነዋሪው ግን ጥቂት በመሆኑ ድምሩ ለደሴቶቹ ትልቅ ገቢ ይሆናል። ለትልቅ አገር ይህ መንገድ አያዋጣም፤ በክፍያ የሚያገኘው በግብር የሚያጣውን አይተካለትም።

ብዙዎቹ ድርጅቶች በደሴቶቹ ላይ ከአድራሻ በቀር ቢሮም ሠራተኛም የላቸውም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዋና ከተማው በጆርጅ ታውን የሚገኘው ኡግላንድ ሃውስ የተባለው አንድ ሕንፃ የ18,857 ድርጅቶች አድራሻ ነበር።

ወቀሳና ቁጥጥር

ተቺዎች ይህ አሠራር ሌሎች አገሮች ለትምህርትና ለጤና የሚያውሉትን ግብር ያሳጣል ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ከብዙ አገሮች የመጡ ባለሀብቶች ተጨማሪ ግብር ሳይጣልባቸው ገንዘባቸውን በአንድነት እንዲያሠሩ ያስችላል ብለው ይከራከራሉ።

በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ደሴቶቹን እ.ኤ.አ. በ2000 ከማይተባበሩት ተርታ መዘገባቸው፤ ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ በዓመቱ ሰረዛቸው። ከ2021 እስከ 2023 ድረስም እንደገና በቅርብ ክትትል ሥር አዋላቸው። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2020 በግብር ጉዳይ በጥቁር መዝገብ አስፍሯቸው በዚያው ዓመት አውጥቷቸዋል። የ1976ቱ የምስጢር ሕግም እ.ኤ.አ. በ2016 በሌላ ሕግ ተተክቷል። ኑሯቸው በውጭ ገንዘብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በብራስልስ ወይም በዋሽንግተን የሚወሰን የሕግ ለውጥ የደሴቶቹን ገቢ በቀጥታ ሊነካ ይችላል።