ዜና ቀይ ቤት

በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በ22ኛው ዓመት፣ እርሱም በፈረንጆች አቆጣጠር 1859 ነው፣ ባለቅኔው ዊልያም ሞሪስ በኦክስፎርድ ከተማ ጄን በርደንን አገባ። ዕድሜውም 25 ዓመት ነበረ። ከሙሽራይቱም ጋር የሚኖርበትን ቤት ይነድፍለት ዘንድ ወዳጁን ፊሊፕ ዌብን ለመነው። ዌብ በራሱ ስም ቤት ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስፍራውም በኬንት፣ አፕተን በምትባል መንደር፣ የፖም ዛፍ በሞላበት መሬት ሆነ። ወደ ካንተርበሪ የሚሳለሙ ምእመናን በጥንት ጊዜ የሚያልፉበት መንገድ ቅርብ ነበርና፣ ሞሪስ ወደ አትክልቱ የሚያወጣውን ደጀ ሰላም መሳይ በረንዳ የተሳላሚዎች ማረፊያ አለው።

በዚያም ዘመን ብዙ ባለጸጋ የቤቱን ጡብ በልስን ሸፍኖ ድንጋይ ያስመስለው ነበር። ዌብ ግን ቀዩን ጡብ ሳይለስን እንዳለ ተወው፤ ጣሪያውንም በቀይ ሸክላ ሽቅብ አሾለው። መስኮቱን ከውጭ ለሚያይ ሰው ብሎ አላሰለፈውም፤ በውስጥ ያለው ክፍል ብርሃን በፈለገበት ከፈተው እንጂ። ቤቱም እንደ ክንድ ታጥፎ የውኃ ጉድጓድን አቀፈ። በጉድጓዱም ላይ እንደ ጎጆ የሾለ ክዳን ተደፋበት፤ ከቤቱ ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል። ነገር ግን ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረዋልና ብርድ ጸናባቸው፤ ይህም የዌብ ስሕተት ነው።

በ1860 ሞሪስና ጄን ገቡ። ወዳጆቻቸው ሮሴቲና በርን ጆንስ እየመጡ ግድግዳውንና ዕቃውን ሣሉ፤ ጄንም መጋረጃ ጠለፈች። ከዚህም የእጅ ሥራ ፍቅር የተነሣ በ1861 የዕደ ጥበብ ማኅበር አቆሙ። ሁለት ሴቶች ልጆችም በዚያ ተወለዱ።

በርን ጆንስም ከነቤተ ሰቡ መጥቶ አብሮ ሊኖር፣ ዌብም ሌላ ክንፍ ሊጨምር ተማክረው ነበር። ነገር ግን በ1864 የበርን ጆንስ ሕፃን ሞተ፤ ሞሪስም በቁርጥማት ታመመ፤ ምክሩም ፈረሰ። በ1865 ሞሪስ ወደ ለንደን ተመለሰ፤ በቤቱም የኖረው 5 ዓመት ብቻ ነው። ዳግመኛም ሊያየው አልመጣም፤ ልቡ አልቻለምና።

ቤቱም ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በ2003 የአገሩ ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ገዛው። በ2013ም በአንድ መኝታ ቤት፣ ከቁም ሣጥንና ከግድግዳ ወረቀት ጀርባ፣ ወዳጆቹ የሣሉት ሥዕል ተገለጠ፤ አዳምና ሔዋን ከእባቡ ጋር፣ ኖኅም ትንሽ መርከብ በእጁ ይዞ።