የቀላል ባቡር ዜና መዋዕል፤ በተለይም በሲኤምሲ የሆነው

በ7508 ዓመተ ዓለም፣ በ2008 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ጥቅምት በገባ በ29ኛው ቀን፣ በዕለተ ሰኞ፣ አረንጓዴው የአዲስ አበባ ባቡር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ሰው ማጓጓዝ ጀመረ። ሰማያዊው ግን ቀድሞት ነበር፤ እርሱ በዚያው ዓመት መስከረም በገባ በ9ኛው ቀን፣ እሑድ፣ በቃሊቲና በምኒልክ አደባባይ መካከል ሥራውን ጀምሯል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ አረንጓዴው ነው፤ ሰማያዊውን የቃሊቲ ሰው ይጻፍለት።

አስቀድመን ግን ስለ አገሩ እንናገር። ሲኤምሲ ስሙን ከባላባትም ከታቦትም አላገኘም፤ በዚያ ከሠራው ከጣሊያን የሕንፃ ተቋራጭ ወረሰው እንጂ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ እርሻና ሜዳ የነበረ ነው። ኋላ ግን ቪላው በቪላ ላይ ተጨመረ፤ ሪል እስቴት የሚባለው መጣ፤ ከአያት ማዶ በየካ አባዶ፣ ከወዲህም በሰሚት ኮንዶሚኒየሙ ተተከለ። ሕዝቡ በዛ፣ መንገዱ ግን ያው አንዱ ሆነ። ጧት ሁሉም ወደ መገናኛ ይወርዳል፣ ማታ ሁሉም ከመገናኛ ይወጣል። ታክሲ ለመያዝ የሚደረገውን ግፊያና በመስኮት የሚገባውን ጎልማሳ ያየ ሰው፣ ሐዲድ ይምጣ ቢባል ለምን እንደተደሰተ አይጠየቅም።

ኢትዮጵያ ለባቡር እንግዳ አልነበረችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1906 ታኅሣሥ ላይ ዐርፈው ነበርና ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩም። ያ ባቡር ከጅቡቲ ወደብ ዕቃና መንገደኛ የሚያመጣ ነው፤ የከተማውን ሰው ከሰፈር ሰፈር የሚያደርስ ግን አልነበረም። ለዚያ ሥራ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ አንበሳ አውቶቡስ፣ በኋላም ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሲደክሙ ኖሩ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመሥሪያ ቤቱም ኃላፊ ዶክተር ጌታቸው በትሩ ነበሩ። የከተማው ሐዲድ ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ከመቶ 85 እጁን የቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ አበደረ፤ ሥራውንም የቻይና ምድር ባቡር ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ያዘ። ቁፋሮው በ2004 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዐረፉ፤ በምትካቸውም በመስከረም አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ተሾሙ። እንግዲህ ምኒልክ ያስጀመሩት ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ እንዳላዩ፣ መለስም የጀመሩት ሲሮጥ አላዩም።

በሥራው ዘመን ብዙ ጭንቅ ሆነ። ከአያት እስከ መገናኛ መንገዱ መሐሉ ተቆፍሮ ዋለ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነገሠ። የሱቅ ነጋዴ ደንበኛው መንገድ አጣበት፤ ተማሪ በጣውላ ላይ ተሻግሮ ትምህርት ቤት ደረሰ። በሰሜኑ በኩል ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከስፍራው ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም በአደራ ተቀመጠ፤ ሰውም በዚህ እጅግ ተጨነቀ፤ የሐዲዱ ሥራ ሲፈጸም ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2007 ዓ.ም. ሙከራው ተጀመረ፤ ሰው የሌለበት ባቡር በባዶው ሲመላለስ ሕፃናት በአጥሩ ተንጠልጥለው እያዩ እጃቸውን ያወዛውዙለት ነበር።

ስለ ርዝመቱ ሰው ይከራከራልና እዚህ ላይ እንፍታው። የምሥራቅ ምዕራቡ 17.4 ኪሎ ሜትር፣ የሰሜን ደቡቡ 16.9 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን የደመረ 34 ይላል፤ ነገር ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው 2.7 ኪሎ ሜትር የሁለቱ የጋራ ሐዲድ ነውና አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ እውነቱ 31.6 ነው። ፌርማታው በጠቅላላው 39፣ ባቡሩ 41 ሆነ። ባቡሮቹም በቻይና በቻንግቹን ተሠርተው የመጡ፣ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ 750 ቮልት የሚስቡ ናቸው።

የጥንት ጸሐፊዎች የንጉሥን ዘመቻ ሲጽፉ ሰፈር በሰፈር ይቆጥሩ ነበርና እኛም የአረንጓዴውን ጉዞ እንዲሁ እንቁጠር። ከአያት ይነሣል፤ በመሪ ይቆማል፤ ከመሪ ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል ይደርሳል። ከዚያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲና ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፤ ከዚያ ሁለቱ ጉርድ ሾላዎች፤ ከዚያም መገናኛ። ይህም የሲኤምሲ ሰው ግማሹ የሚወርድበት ነው። ለም ሆቴልን፣ ሃያ ሁለትን ሁለት ጊዜ፣ ዑራኤልን፣ ባምቢስን፣ እስጢፋኖስን አልፎ ስታዲየም ላይ ከሰማያዊው ጋር ይገናኛል። በድልድዩ ላይ አብረው ለገሃርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ ዕድን፣ ልደታን ያልፋሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ፤ አረንጓዴው በኮካ ኮላ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይገባል።

የመጀመሪያው ሰሞን ታላቅ ደስታ ሆነ። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለሥራ የሚሄድ ሳይሆን ለማየት የሚሄድ በዛ፤ አያት የልጅ ልጁን ይዞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሄዶ ያለ ጉዳይ ይመለስ ነበር። ባቡሩን መጀመሪያ ያንቀሳቀሱት የሼንዘን ሜትሮ ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያኑም ከአጠገባቸው ሆነው ተማሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ደስታው ወደ ግፊያ ተለወጠ። በሲኤምሲ ፌርማታ ጧት የቆመ ሰው ይህን ያያል፤ ከአያትና ከመሪ ሞልቶ የመጣው ባቡር በሩን ይከፍታል፤ ከውስጥ ያለው «ቦታ የለም!» ይላል፤ ከውጭ ያለው «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ እንጂ!» ይላል፤ ሴትየዋ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ ጀርባዋን ሰጥታ ትገባለች፤ በሩ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በሦስተኛው የአንዱ ተማሪ የደብተር ማንጠልጠያ በበሩ መሐል ቀርቶ ይሄዳል። ወያላዎች ግን ማዶ ሆነው «መገናኛ! መገናኛ!» ማለታቸውን አልተዉም፤ የተረፈው ሰው የእነርሱ ነበርና።

የአጥሩንም ነገር ሳንጽፍ አናልፍም፤ ሹማምንቱ በምረቃው ቀን አላነሡትምና። ሐዲዱ በምሥራቁ በኩል በመሬት ላይ፣ በመንገዱ መሐል ነው የሄደው። ግራና ቀኙ ታጠረ። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ሰፈር ሰው ሁለት ሆነ። ፊት ለፊቱ ያለውን ዳቦ ቤት እያየ ለመሻገር ወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ ባለ መኪናው ለመዞር ሩቅ ይነዳል፤ ሽማግሌው አቋራጭ ፈልጎ አጥሩን ይደገፋል። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው ሐዲድ ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ። በእኛ ግምት ይህ የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ሲነደፍ ከባቡሩ ውስጥ እንጂ ከመንገዱ ዳር የቆመ ሰው አልነበረም። ያ አጥርም ቢሆን አላረፈም፤ መኪና እየጣሰው ሐዲዱ ላይ በገባ ቁጥር ባቡሩ ቆሞ ይውላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው የመለዋወጫ ዘመን ነው። ሐዲድ ሲዘረጋ ብድር ይገኛል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶ ይነሣል። የተበላ መሽከርከሪያ ለመለወጥ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም፤ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪውም ጠፋ። መለዋወጫው ከቻይና መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም፤ የተበላሸውም ወደ ዴፖ ገብቶ በዚያ ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡር ግማሹ እንኳ በሐዲድ ላይ አይታይም ነበር። የሲኤምሲ ሰውም ይህን ከጋዜጣ ሳይሆን ከፌርማታው ዐወቀ፤ ቀድሞ በየጥቂት ደቂቃው የሚመጣው ባቡር እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ከሩቅ አገርም አንድ ነገር ሰማን። በሩሲያ፣ በኡራል ተራሮች በኩል፣ ቮልቻንስክ የምትባል ትንሽ የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች፤ ሕዝቧ 10,000 አይሞላም። ትራም ካላቸው የሩሲያ ከተሞች ሁሉ ታናሿ እርሷ ነበረች። ትራሙ በ1944 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ እርሱም በዘመነ ዮሐንስ፣ የማዕድን ሠራተኛውን ከቤቱ ወደ ሥራው ለማድረስ ተከፈተ። የከሰሉ ሥራ ከተዳከመ በኋላ እንኳ የቀረው መስመር የከተማዋን ሁለት ክፍሎች በጫካ መሐል እያገናኘ ከ70 ዓመት በላይ ሄደ። ቮልቻንስክ ከሲኤምሲ አትበልጥም። ሀብትም የላትም። ነገር ግን በዚያ አገር ትራም የሚሠራ ፋብሪካ፣ ትራም የሚጠግን መካኒክ፣ መለዋወጫ የሚያወርስ ሌላ ከተማ ነበረ፤ አዲስ አበባ ግን ለአንድ መሽከርከሪያ ባሕር ማዶ ትልካለች። ሰው ሁሉ የእኛን ባቡር «ጥራት የለውም» እያለ ይሰድበዋል፤ እኛ ግን ከጥራቱ ይልቅ ጠጋኙንና የብረት ቤቱን አብረን አለመትከላችንን እንከስሳለን።

አረንጓዴው ግን ጨርሶ አልቀረም። ቁጥሩ አንሶ፣ ጊዜው ረዝሞ፣ አሁንም ከአያት ይነሣል። የሲኤምሲ ሰው የራሱን ዘዴ አበጅቷል፤ ፌርማታው ላይ ቆሞ ወደ መሪ ያያል፤ የባቡሩ መብራት ካልታየው ትኬት ሳይቆርጥ ወደ ታክሲው ሰልፍ ይሻገራል፤ ከታየው ደግሞ ሰልፉን ጥሎ ይሮጣል።